ጳጉሜን የማያውቀው አዲስ ፕሮግራም

ሾፌር ነበርኩ። ደብረ ማርቆስ ከተማ ውስጥ በአንድ የጤና መሥሪያ ቤት አሮጌ ላንድክሩዘር ስነዳ ኖሬ ነው ጡረታ የወጣሁት። ከትምህርት ያለኝ ዳዊት ከደገምኩ በኋላ እስከ አራተኛ ክፍል የቀጠልኳት ናት፤ ስለዚህ አጻጻፌ ቢንዛዛ ታገሡኝ። ስነዳም እንዲሁ ነበርኩ። የተሳፈረ ሁሉ "ጋሽ ይርጋ፣ ከእርስዎ ጋር ከመሄድስ በእግር ይሻላል" ይለኛል። እኔም መኪናዬን ጥግ አስይዤ "በል ውረድና ማን ቀድሞ እንደሚደርስ እንተያይ" እለዋለሁ። የወረደ ግን አልነበረም።

በዚያን ጊዜ ብቻዬን ነበርኩ። ባለቤቴ ከሞተች ጥቂት ዓመታት አልፈዋል፤ ልጅም አልሰጠንም። ጧት መኪናዬን አጥባለሁ፣ ማታ በሬን እዘጋለሁ። ከሰው አልተጣላሁም፤ ከሰው ዘንድ የምፈልገው ነገር አልቆብኝ ነበር እንጂ። ሰላምታ እንኳ ስሰጥ መንገድ ላይ ሆኜ ነው፤ ቆሜ አልነበረም።

ሚሊኒየሙን ካከበርን ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ አለቃችን ጠራኝ።

"ይርጋ፣ መክሊትን ይዘህ ሮብ ገበያ ትወጣለህ። ጤና ጣቢያው ላይ ፕሮግራም ትጭናለች" አለኝ።

"ስንት ኩንታል ይሆናል ጌታዬ?" አልኩት ለቀልድ። አልሳቀም። በር ላይ ቆማ ትጠብቀኝ የነበረችው መክሊት ግን ሳቀች፤ ከቦርሳዋም አንድ የሚያብረቀርቅ ሲዲ መዝዛ "ይኸው ጭነታችን ጋሼ፣ ጎማው ይችለው ይሆን?" አለችኝ። የኮምፒዩተር ባለሙያችን ናት። ሥራ ከጀመረች ገና ዓመት ያልሞላት፣ ቀጭን፣ ጥያቄ የማያልቅባት ልጅ።

መንገዱ ሽቅብ ነው። በክረምት መውጫ ያ መንገድ ጭቃ ብቻ ነውና ቀስ እያልኩ ስወጣ፣ ምን ልትሠራ እንደምትሄድ አስረዳችኝ። ጤና ጣቢያዎቹ የሕመምተኛውን ቀጠሮና መድኃኒት የሚይዙበት ፕሮግራም አላቸው። ችግሩ፣ ፕሮግራሙ በየጊዜው እየታደሰ ስለሚወጣ እያንዳንዱ ጤና ጣቢያ የየራሱን እትም ይዞ ቀርቷል። እነሱ "ቨርዥን" ይሉታል።

"አምበር ላይ የመጀመሪያው አለ" አለችኝ በጣቷ እየቆጠረች። "ቁይ ላይ ሁለተኛው። ሮብ ገበያ ደግሞ ከእኔ በፊት የነበረው ባለሙያ ሁለተኛውን እንደገና ነካክቶ ሌላ አድርጎታል። ምን እንደነካ የጻፈው ነገር የለም፤ ባሕር ዳር ተዛውሮ ሄደ። አንዱ ተበላሸ ብለው ሲደውሉልኝ፣ የትኛው እንደሆነ ጠይቄ ሳልጨርስ ይመሻል።"

"ለሦስት መኪና ሦስት ዓይነት መለዋወጫ ይዞ መዞር ነዋ" አልኳት።

"ልክ እንደሱ! አሁን ሁሉንም በአንድ አዲስ እንተካዋለን። የድሮዎቹ ሲዲዎች እንዳይቀላቀሉ ተሰብስበው ይቃጠሉ ተብሎ በየቦታው ታዟል።"

እኔም ደግ ነገር መሰለኝ። ለማንስ አይመስለውም?

ሮብ ገበያ ጳጉሜ አንድ ቀን ደረስን። ጤና ጣቢያው ከገበያው በላይ፣ ባሕር ዛፍ የከበበው ግቢ ነው። ካርድ ክፍሉን የያዘው ልየው የሚባል ዲያቆን ነበር፤ በቅዳሜና በእሑድ ይቀድሳል፣ በሌላው ቀን ኮምፒዩተሩ ዘንድ ይቀመጣል። ሥራውን ከያዘ ገና ሳምንታት ቢሆነው ነው። መክሊት አሮጌውን አንሥታ አዲሱን ስትጭን አጠገቧ ቁጭ ብሎ፣ ንባብ እንደሚቀበል ተማሪ እያንዳንዷን ነገር ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ይይዝ ነበር። ከሰዓት በኋላ ጨረሰች። "ነገ ሥራ ሲጀምር አይቼው እንመለሳለን" ስላለች እዚያው አደርን።

በማግሥቱ ጧት ዝናቡ ቆም ብሎ ፀሐይ ወጥታ ነበር። እኔ በረንዳው ላይ ካለው አግዳሚ ተቀምጫለሁ። አንዲት ሴት መጣችና ከአግዳሚው ዳር፣ ከእኔ ራቅ ብላ፣ የነጠላዋን ጫፍ አፏ ላይ አድርጋ ተቀመጠች። ወደ ሃምሳው የምትጠጋ፣ ከሲታ፣ ዓይኗ ግን የሚስቅ ሴት ናት።

"ቀረብ በይ እንጂ እቴ፣ እዚያ ጠርዙ ላይ ትወድቂያለሽ" አልኳት።

"ይቅርብዎ ጋሼ። ሳምባዬን ነው የምታከመው። አሁንስ አይተላለፍም ብለውኛል፣ እኔ ራቅ ማለቱን ለምጄው ነው።"

"ተሻለሽ ታዲያ?"

"ተሽሎኛል! ዳገቱን ዛሬ አንዴ ብቻ አርፌ ነው የወጣሁት። ወንድሜ ቤት አሁንም ዋንጫዬ ለብቻው ነው፤ መድኃኒቱን ስጨርስ ግን አንድ ላይ ያጥቡታል።" ይህን ያለችው ሳትማረር፣ ስለ ሰርግ እንደሚያወራ ሰው ነው። ከመቀነቷ ቆሎ ፈትታ በመሀላችን ባለው አግዳሚ ላይ አፈሰሰችና እጇን ሰበሰበች። ብትወስድ ውሰድ፣ ብትተው አልቀየምህም እንደማለት። ወሰድኩና ቆረጠምኩ። ደህና ቆሎ ነበር። ጨርሼ እስክውጥ ድረስ ዓይኗን ከእኔ አላነሣችም።

ተራዋ ደርሶ ገባች። ብዙም ሳትቆይ ወጣች። ፊቷ ያ ፊት አልነበረም።

"ምነው እቴ?"

"ስሜ የለም አሉኝ።"

"ይፈልጉት እንጂ!"

"ፈለገው ዲያቆኑ። ደጋግሞ ነው የፈለገው፣ ክፉ ልጅ አይደለም። በአዲሱ ውስጥ የለሽም አለኝ።" ነጠላዋን አስተካከለች። "በሉ ቆሎውን ይጨርሱት ጋሼ፣ እኔ ምን ያደርግልኛል።"

በሩን ወጥታ ሄደች። ተመልሳ የምትመጣ መስሎኝ ነበር።

እኩለ ቀን ሲሆን ነርሷ ሲስተር ጸዳለ ክትባት ከወጣችበት ቀበሌ ተመለሰች። ገና ጫማዋን ከጭቃው ሳትጠርግ ካርድ ክፍሉ በር ላይ ቆመች።

"ልየው፣ አንጓች መጣች?"

"የትኛዋ አንጓች?"

"የሳምባዋ! ዛሬ ቀጠሮዋ ነው።"

ልየው ፊቱ ተለዋወጠ። "አንዲት እናት መጥተው ነበር። ስማቸው ስለሌለ በሌላ ቀን ይምጡ ብዬ መለስኳቸው።"

"መለስካት? መድኃኒቷን ሳትወስድ?" ሲስተር ጸዳለ በሩን ተደግፋ ቀረች። "ልጄ፣ እሷ እኮ የሕክምናዋ መጨረሻ ላይ ናት። አሁን ካቋረጠች በሽታው መድኃኒቱን ይለምደዋል፤ ከዚያ በኋላ እዚህ አገር የሚያድናት የለም። ለመሆኑ እንዴት ስሟ ይጠፋል?"

መክሊት ሮጣ መጣች። ኮምፒዩተሩ ፊት ተቀመጠችና ትነካካ ጀመር። እኔ በመስኮቱ በኩል ቆሜ አያታለሁ። ቆየችና "ልየው፣ ዛሬ ቀኑ ስንት ነው?" አለችው።

"ጳጉሜ ሁለት ነዋ።"

"እስቲ እዚህ ላይ አስገባልኝ።"

ልየው ሞከረ። አልገባም። ወሮቹ ከላይ ወደ ታች ተደርድረዋል፤ ነሐሴ አለ፣ ከነሐሴ ቀጥሎ መስከረም። በመሀላቸው ምንም የለም።

መክሊት ሁለት እጇን ራሷ ላይ ጫነች። "ፕሮግራሙ መጀመሪያ የተሠራው በፈረንጅ አገር ነው፤ አሥራ ሁለት ወር ብቻ ነው የሚያውቀው። ያ ባሕር ዳር የሄደው ልጅ ነካክቶት የነበረው ይህንን ነው! ጳጉሜን አስገብቶበት ነበር። አዲሱን የሠሩት ከእሱ እትም ሳይሆን ከቁዩ ተነሥተው ነው። ለጳጉሜ የተቀጠረው ሰው ሁሉ ከድሮው ወደ አዲሱ ሲሻገር ቀኑን ስላላወቀው ሰውየውንም አላወቀው፤ ጥሎት አልፏል።"

"መድኃኒቱ እኮ መደርደሪያው ላይ አለ" አለች ሲስተር ጸዳለ። "ግን ባለፈው ሐኪሙ ጉበቷን አይቶ መጠኑን ለውጦላታል። እኔ ሥልጠና ላይ ነበርኩ፣ እሱም ተዛውሯል። ምን ያህል እንዳደረገላት የጻፈው እዚያ ውስጥ ነው። በግምት ብሰጣት እጎዳታለሁ።"

"ያ አልጠፋም። እዚሁ ማሽኑ ውስጥ ተቀምጧል። የሚከፍተው ግን የድሮው ፕሮግራም ብቻ ነው። እህሉ ጎተራው ውስጥ አለ፣ በሩ ነው የጠፋን።"

ኔትወርክ የሚገኘው ከግቢው ውጭ አንድ ቋጥኝ ላይ ሲወጡ ነበር። መክሊት ወጥታ ማርቆስ ደወለች። ከታች ሆነን የእሷን ድምፅ ብቻ እንሰማለን። "አዎ ጌታዬ... አይ፣ ገብቶኛል... ቅጂው እርስዎ ዘንድ የለም?... ለመስከረም? ሰዎቹ እኮ ዛሬ ናቸው..." ስትወርድ ዓይኗ ቀልቷል። "የማርቆሱ ቅጂ ተቃጥሏል። ለመስከረም ተስተካክሎ ይላክላችኋል ነው የሚሉት።"

"መስከረም እስኪጠባ ሕመሙ ይቆይላታል?" አለች ሲስተር።

ከዚያ መክሊት ድንገት ቀና አለች። "የእዚህኛውን ሲዲ ያቃጠለው ማን ነው?"

አያ ቸኮል ተጠራ። የግቢው ዘበኛ ነው፤ ጤና ጣቢያው ሲከፈት ጀምሮ የነበረ፣ እርሻውም ከአጥሩ ጀርባ ነው። ዱላውን እንደያዘ መጥቶ ሁላችንንም በተራ አየን።

"አያ ቸኮል፣ እነዚያን ሲዲዎች አቃጠሏቸው?" አለችው ሲስተር።

"አቃጥል ተብዬ ነበር" አለ።

"ታዲያ?"

"ጸዳለ ልጄ፣ እንዲያ የሚያበራ ነገር እንዴት ተደርጎ ይቃጠላል? ኃጢአት አይሆንም?" ጉሮሮውን ጠረገ። "ወፍ እየጠበቁልኝ ነው።"

አጥሩን ዞረን ስንሄድ አየናቸው። ገብሱ አሽቷል፤ ከዳር እስከ ዳር በተወጠረ ገመድ ላይ ሲዲዎቹ በቀዳዳቸው ተንጠልጥለው ከነፋሱ ጋር ይዞራሉ፤ ፀሐይ ባገኛቸው ቁጥር ብርሃኑ ማሳውን እንደ መብረቅ ይልሰዋል። ወፎቹ ባሕር ዛፉ ላይ ተደርድረው ያያሉ። መክሊት መሳቅና ማልቀስ በአንድ ላይ መጣባት።

ገመዱን መፍታት ስንጀምር የአያ ቸኮል ባለቤት ውዴ ማጭዷን እንደያዘች ደረሰች። "ምን ሆናችኋል እናንተ? እነሱን ያወረዳችሁ እንደሆን ያ ሁሉ ወፍ ወዲያው ነው የሚወርድብኝ! ቸኮል፣ አንተም ቆመህ ታያለህ?"

"መንግሥት ፈለገው ውዴ፣ ምን ላድርግ?"

"መንግሥት ለገብሴ ምን ተክቶ ይሄዳል?"

እውነቷን ነው። መኪናዬ ውስጥ አንድ ካሴት ነበረኝ፣ የበገና መዝሙር። ባለቤቴ የምትወደው ነበር፤ ከሞተች ወዲህ ሌላ ነገር አልሰማሁም። ሄጄ አመጣሁና ክሩን ከውስጡ ስቤ ማውጣት ጀመርኩ። መክሊት እጄን ያዘችኝ።

"ጋሼ! ይህን እኮ ሁልጊዜ ነው የሚሰሙት።"

"ሰምቼዋለሁ" አልኳት።

ከውዴ ጋር ሆነን ክሩን ከእንጨት እንጨት ወጠርነው። ነፋሱ ሲመታው ውዝዝ እያለ ጮኸ፤ ወፎቹ ብር ብለው ተነሡ። ውዴ ጆሮዋን ጣል አድርጋ አዳመጠችና "ይሄ ከዚያኛው ይሻላል፤ ይሄስ ይናገራል" አለች። እኔም ቆሜ ትንሽ ሰማሁት። መዝሙሩ አልነበረም፤ ዝምታም ግን አልነበረም።

ሲዲዎቹ ላይ በእስክሪብቶ የተጻፈውን ዝናብ አጥቦታል፤ የትኛው የትኛው እንደሆነ አይለይም። መክሊት በነጠላዋ ጫፍ እየወለወለች በተራ ታስገባ ጀመር። የመጀመሪያውን ማሽኑ ፈጽሞ አልቀበልም አለ። ሌላው የአምበሩ ሆኖ ተገኘ። ቀጥሎ ያስገባችው ሲከፈት ከበሮና ጭብጨባ ክፍሉን ሞላው፤ የማን እንደሆነ ያልታወቀ የሰርግ ቪዲዮ ነበር። "ሙሽራይቱስ ታምራለች" አለ አያ ቸኮል። በዚያ ጭንቀት መሀል ሁላችንም ሳቅን።

ከዚያ አንዱ ገባ። ማሽኑ እየፈጨ እያንቋረረ ቆየ፤ ሲስተር ጸዳለ ከንፈሯን ነክሳለች፣ ልየው በልቡ ይጸልያል። መክሊት አዲሱን አላጠፋችውም፤ የድሮውን ከጎኑ ለብቻው ጫነችው። ሲከፈት የወሮቹን ዝርዝር ወደ ታች ወሰደችው። ነሐሴ። ከነሐሴ ቀጥሎ ጳጉሜ አለ።

"አለ!" አለ ልየው፤ ማማተቡን እንኳ ረስቶ ወንበሩን በቡጢ መታው።

አንጓች ከነመድኃኒቷ መጠን እዚያው ነበረች። እሷ ብቻ አይደለችም፤ ሌሎችም የጳጉሜ ሰዎች ነበሩ። ልየው ስማቸውን ይዞ ሊፈልጋቸው በእግሩ ወጣ። የአንጓች መንደር ግን ሩቅ ነው፣ ከጮቄ ተራራ ሥር። ዝናቡም ጀምሮ ስለነበር መኪና አያሻግርም። ለጧት ቀጠርን።

በማግሥቱ ሩፋኤል ነበር። እኔና ሲስተር ጸዳለ መድኃኒቱን ይዘን ወጣን፤ መክሊት ሥራውን ልታስተካክል ቀረች። ከመንደሩ ሳንደርስ የአንጓች ወንድም መንገድ ላይ አገኘን። ሲስተርን ያውቃታልና መኪናውን አስቆመ።

"እህቴን ነው የምትፈልጉት? የለችም። ትናንት መጥታ ጋቢዋን ይዛ ወጣች። ከመዝገብ ወጥቻለሁ፣ ጠበሉ ዘንድ ሆኜ የሚሆነውን ልጠብቅ አለች።"

"ዝም ብላችሁ ላካችኋት?" አለች ሲስተር።

ሰውየው የዱላውን ጫፍ ጭቃው ውስጥ ደጋግሞ ተከለ።

ጠበሉ ከወንዙ በላይ ነው። በሩፋኤል ቀን እንዴት እንደሚሆን ታውቃላችሁ፤ የዚያን ዕለት ዝናብ ራሱ ጠበል ነውና ሰዉ ሁሉ ደመናውን እያየ ይጠብቃል፤ ሕፃናቱ ልብሳቸውን ጥለው "ሩፋኤል አሳድገኝ" እያሉ ይዘላሉ። ከዚያ ሁሉ ሕዝብ ተለይታ፣ ከአንድ ወይራ ሥር፣ ጋቢዋን ተከናንባ የተቀመጠች ሴት አየን። እሷ ናት።

ሲስተር ጸዳለ በነጭ ጋውኗ ወደ እሷ ስትራመድ፣ አንጓች ቀና ብላ አየቻትና ፊቷን ወደ ግንዱ አዞረች። ሲስተር ቆመች። "እኔን አትሰማኝም ጋሼ። ጋውኑን ነው የምታየው። እርስዎ ይሂዱ" አለችኝ።

እኔ! ለሰው ቆሜ ሰላምታ መስጠት ያቃተኝ ሰው። ሄጄ ከእሷ ትንሽ ፈንጠር ብዬ፣ እርጥቡ ሣር ላይ ተቀመጥኩ።

"እቴ አንጓች፣ ዛሬ ቆሎ አልያዝሽም?"

ቀስ ብላ ዞረች። "እርስዎ የትናንቱ ሰውዬ አይደሉም? እዚህ ምን አመጣዎ?"

"አንቺ ነሻ። ስምሽ ተገኝቷል።"

"የት ተገኘ?"

"ገብስ ውስጥ።"

አበድክ እንዴ በሚል ዓይን አየችኝ። ከመጀመሪያው ጀምሬ፣ እንደ አነዳዴ ቀስ እያልኩ ነገርኳት፤ የአያ ቸኮልን ማሳ፣ የሰርጉን ቪዲዮ፣ ሁሉንም። "አንቺ አልተሰረዝሽም። የጠፋው ቀኑ ነው።"

"ቀን እንዴት ይጠፋል ጋሼ?"

"ማሽኑን የሠሩት ሰዎች አገር ዓመቱ አሥራ ሁለት ወር ነው። ጳጉሜ ሲመጣበት ዘሎ መስከረም ገባ።"

"ሩፋኤልንም ዘለለው?"

"ሩፋኤልንም።"

ሳቀች። ስትስቅ ሳል ያዛት፣ ሳሉ ሲለቃት እያለቀሰች ነበር። "እኔ እኮ የዳንኩ መስሎኝ ነበር" አለች። "ዳገቱን አንዴ አርፌ ወጣሁ ብዬ ለእርስዎም ነገርኩ። የለሽም ሲሉኝ፣ እነሱ ያዩትን እኔ አላየሁ ይሆናል አልኩ። ከመዝገብ የሚወጣው የሞተ ሰው ነው። አንቺ ሳታውቂው ጨርሰሻል ያሉኝ መሰለኝ።"

ጠጋ ብዬ ከአጠገቧ ተቀመጥኩ። እውነቱን ለመናገር፣ የተናገረችው የእኔንም ነገር ነበር። እኔም ሳላውቀው የጨረስኩ ሰው መስዬ ነበር ስኖር የከረምኩት፤ ልዩነቱ እኔን የለህም ያለኝ ማሽን አለመኖሩ ነው።

ወደ ኋላ ላይ "አሁን ማሽኑም አውቆሻል፣ እኔም አውቄሻለሁ" አልኳት። "ነይ ዋጪው።"

"በጠበል ቦታ መድኃኒት ይዋጣል?"

ይህን ስትል ጠበል የሚያጠምቁት አባ በአጠገባችን ያልፋሉ፤ በእጃቸው ውኃ የያዘ ቅል አለ። "ምንድን ነው እሱ?" አሉ።

"መድኃኒት ነው አባ፣ የሳምባዬ።"

"ታዲያ በምን ልትውጪው ኖሯል? በደረቅ?" ብለው ቅሉን አቀበሏት።

ሲስተር ጸዳለ መጥታ ፍሬዎቹን ቆጥራ ሰጠቻት። አንጓች በጠበሉ ዋጠቻቸው። የመጨረሻውን ስትውጥ ዝናቡ ወረደ፤ ሕፃናቱ ጮኹ፣ ሕዝቡ ከያለበት እየወጣ ራሱን ለዝናቡ ሰጠ። ሲስተር ጋውኗን አውልቃ ሮጣ ተቀላቀለች። አንጓችም ጋቢዋን ጥላ ተነሣችና "እርስዎ አይጠመቁም?" አለችኝ። ኮቴን ሳላወልቅ ዝናቡ ውስጥ ገባሁ።

ይኸው ነው የሆነው። ከዚያ በኋላ ያለው አጭር ነው። አንጓች መድኃኒቷን ጨረሰች፤ ዳነች። ልየው ያገኛቸው የጳጉሜ ሰዎችም መድኃኒታቸውን ወሰዱ። መክሊት ማርቆስ ተመልሳ ከአለቃችን ፊት ቆመች፤ ምን እንደተባባሉ አልሰማሁም፤ በሩ ተዘግቶ ነበር፣ ሲከፈት ግን አንገቷን አልደፋችም። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ እኛ ዘንድ አሮጌ ፕሮግራም አይቃጠልም። የትኛው እትም የት እንደተጫነና ከሌላው በምን እንደሚለይ ተጽፎበት ሣጥን ውስጥ ይቀመጣል፤ አዲሱ በየጤና ጣቢያው ጳጉሜን ጨምሮ ዓመቱን ዞሮ እስኪታይ ድረስ አይነካም። መክሊት ዛሬ ትልቅ ባለሙያ ሆናለች፤ ለሩፋኤል ሩፋኤል ትደውልልኛለች።

እኔ ደግሞ ሮብ ገበያ የሚወስደኝ ሥራ በዛብኝ። መኪናው ሳይበላሽ እዚያ ደርሶ ይበላሻል። አለቃችን "ይርጋ፣ ያ መንገድ ምን አለበት?" ይለኛል። ሽማግሌ የላክሁት አንጓች ሐኪሙ አሰናብቷት በወጣች በሚቀጥለው ጥቢ ነው። ወንድሟ ቤት ስንገባ ዋንጫ ቀረበልኝ፤ ከየትኛው እንደሆነ አልጠየቅሁም።

ይህን የምታነቡ ሰዎች፣ እኔ አዲስ ነገር የምጠላ ሰው አይደለሁም፤ ያ አዲሱ ፕሮግራም ተስተካክሎ ሲመጣ ከድሮው በጣም ይሻል ነበር፤ መክሊትም ይህንኑ ነው የምትለው። ግን ቤት ስትቀይሩ፣ መሥሪያ ቤት ስታድሱ፣ የድሮውን ከማንሣታችሁ በፊት አንድ ጊዜ ቆም በሉና ውስጡ ሰው እንዳለ እዩ። ደግሞም አንድ ሰው የለህም ቢላችሁ ወዲያው አትመኑት፤ የጠፋው ቀኑ ብቻ ሊሆን ይችላል።

የጻፍኩትን ለአንጓች አነበብኩላት። ጥጥ እየፈተለች ነው የሰማችው፤ ስጨርስ እንዝርቷን አስቀመጠች።

"ግማሹ ልክ ነው" አለች።

"ግማሹስ?"

"ዝናቡ ካባራ በኋላ ያ መኪናህ ጭቃው ውስጥ ተሰንቅሮ አልነበረም? ማን ገፋው? አባም ገፉ፣ ሲስተርም ገፋች፤ ከኋላ ሆኜ ግን እኔ ነበርኩ። በሽተኛዋን አስገፍተህ ነው የወሰድከኝ። እሱን አልጻፍከውም።"

እኔ እንደማስታውሰው መኪናዬ አልተያዘም። ሃያ ስምንት ዓመት ስነዳ በዚያ መንገድ ተይዤ አላውቅም። እሷ ግን ጭቃው እስከ ጉልበቷ ደርሶ እንደነበር፣ ያን ቀን ሳምባዋ እንደዳነ ያወቀችው መኪናውን አንዴም ሳታርፍ ስለገፋች እንደሆነ ትምላለች።

"ጻፈው" አለችኝ።

የኔን ሳላጠፋ የእሷንም ከጎኑ ጻፍኩት። እነሆ ሁለቱም እዚህ አሉ።